ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ከመጨረሻው መፍታት፦ ለምንባብ ጥያቄዎች የሚሆን መመሪያ

ምንባቡ ውስጥ አንድም የማታውቁት ቃል የለም። ጥያቄው ላይ ስትደርሱ ግን ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱ እኩል ትክክል ይመስሏችኋል። ብዙ ተማሪ እንዲህ ሲያጋጥመው የቃላት እውቀቱ ያነሰ ይመስለውና ቃላት መሸምደድ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጠፋው የቃል ትርጉም ሳይሆን ማን ምን እንዳደረገ፣ የትኛው ድርጊት የትኛውን እንደቀደመ፣ የቱ እውነት የቱ ደግሞ ግምት እንደሆነ ነው። እነዚህን የሚነግረን የዓረፍተ ነገሩ አወቃቀር ነው።

አማርኛ ደግሞ ነገሩን ሁሉ የሚያስረውን ግሥ በመጨረሻ ያስቀምጣል። ጸሐፊው ምክንያቱን፣ ጊዜውን፣ ቅድመ ሁኔታውን፣ የባለቤቱን ማንነት ከፊት ይደረድራል፤ አንባቢው ያንን ሁሉ በአእምሮው ይዞ እስከ አራት ነጥቡ መጓዝ አለበት። ዓረፍተ ነገሩ አሥር ቃላት ቢኖሩት ይህ አይከብድም። አርባ ሲሆኑ ግን መጨረሻው ላይ ስንደርስ መጀመሪያውን ረስተነዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንደተለመደው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡ። ካልገባችሁ ግን እንደገና ከመጀመሪያው አትነሡ፤ ከመጨረሻው ተነሡ።

"ቁልፍ ቃላትን ብቻ ፈልጉ" የሚለውን ምክር አልደግፍም። የተሳሳቱ ምርጫዎች የሚሠሩት ከእነዚያው ቁልፍ ቃላት ነው። ፈታኙ ቃላቱን እንዳሉ ወስዶ ግንኙነታቸውን ብቻ ይቀይራል።

ዘዴውን የምንሞክርበት ዓረፍተ ነገር ይኸው፦

"በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ፣ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ እጃቸውን በሚገባ ሳያጸዱ ወላዶችን የሚያክሙ ሐኪሞች በእናቶች ላይ ለሚደርሰው ገዳይ ትኩሳት ምክንያት መሆናቸውን ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ1847 ክሎሪን ባለበት ውሃ መታጠብ ግዴታ እንዲሆን ቢያደርግም፣ የሟቾችም ቁጥር በእጅጉ ቢቀንስም፣ ሐሳቡ በብዙዎቹ የዘመኑ ሐኪሞች ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም።"

ከ45 በላይ ቃላት አሉት። በጥሞና ካላነበብነው ግን በአእምሯችን የሚቀረው "ዜመልቫይስ፣ ሐኪሞች፣ ትኩሳት፣ መታጠብ" የሚል የቃላት ክምር ብቻ ነው።

1. ማሰሪያ አንቀጹን ያዙ

ከአራት ነጥቡ በፊት ያለውን ግሥ አስምሩበት። እዚህ "አላገኘም" ነው። ከእሱ በፊት "ይሠራ የነበረው"፣ "ከመረመሩ"፣ "ሳያጸዱ"፣ "የሚያክሙ"፣ "ተረድቶ"፣ "ቢያደርግም"፣ "ቢቀንስም" የሚሉ ብዙ ግሦች አልፈዋል። አንዱን ብቻውን ወስዳችሁ አራት ነጥብ አድርጉበት፦ "ሐኪሙ ቢያደርግም።" አይቆምም፤ ጆሯችሁ ቀጣዩን ይጠብቃል። "ሐሳቡ አላገኘም" ግን ምን እንዳላገኘ ብንጠይቅም እንኳ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይቆማል። ጥገኛውን ከማሰሪያው የሚለየው ይህ ፈተና ነው፤ የሰዋስው ስሞችን በቃል ከማጥናት ይልቅ ይህን መልመድ ይሻላል።

የመጨረሻው ቃል "ነው"፣ "ነበር"፣ "ይችላል"፣ "ይገባል"፣ "ይባላል"፣ "ይታመናል" ከሆነ ከፊቱ ያለውን ጨምራችሁ ያዙ። "ሊያስከትል ይችላል" እና "ያስከትላል" በምርጫዎች ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው አንድ ሙሉ ነጥብ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በ"ይታመናል" ካለቀ ደግሞ ጸሐፊው የተናገረው አንድ ነገር መታመኑን እንጂ ነገሩ መረጋገጡን አይደለም።

ሁለት ማሰሪያ ያለበት ዓረፍተ ነገርም አለ። ድርብ ሰረዝ (፤) ካያችሁ ከእሱ በፊት ያለውም ግሥ ብቻውን መቆም ይችል እንደሆነ ሞክሩ። "ነውና"፣ "ይመጣልና" የሚሉ ቅርጾች ሲያጋጥሟችሁ ጠንቀቅ በሉ። በተለይ ቆየት ባሉ ጽሑፎች ውስጥ እዚያ ያለችው "ና" ብዙ ጊዜ የምትነግረን ምክንያት ነው።

2. ባለቤቱን ግሡን ጠይቁት

የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በራሱ ላይ ይዞ ይዞራል። "አላገኘም" ነጠላ፣ ተባዕት፣ ሦስተኛ መደብ ነው። ስለዚህ ከአጠገቡ ያሉት "ሐኪሞች" ባለቤት ሊሆኑ አይችሉም፤ ቢሆኑ ኖሮ "አላገኙም" ይል ነበር፣ ከዚያም በላይ በ"በ… ዘንድ" ታስረዋል። ዓረፍተ ነገሩን የከፈተው ዜመልቫይስስ? ተባዕትና ነጠላ ነው፤ በአካሄድ ይስማማል። ነገር ግን ከመጨረሻው ሰረዝ በኋላ "ሐሳቡ" የሚል ሌላ ስም አለ፤ ተቀባይነት ያላገኘውም እሱ ነው። ዜመልቫይስ የ"ተረድቶ" እና የ"ቢያደርግም" ባለቤት ነው። ብዙ አንባቢ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን የከፈተው ስም እስከ መጨረሻው ባለቤት ሆኖ የሚዘልቅ ይመስለዋል።

የአክብሮት ግሥም ያደናግራል። "ሳይንቲስቱ ውጤቱን ለረዳቶቻቸው ገለጹ" ሲል የገለጹት አንድ ሰው ናቸው። "ገለጹ" ብዙ ቁጥር ስለሚመስል ረዳቶቹን ባለቤት ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው። እንዲህ ሲሆን "ለ"፣ "ከ"፣ "በ" ወይም ተሳቢ አመልካቹ "ን" ያለበትን ስም ከውድድሩ አውጡት፤ የሚቀረው ባለቤት ነው።

የግሡን መነሻም አትዝለሉ። "ሐኪሙ ደሙን መረመረ"፣ "ሐኪሙ ደሙን አስመረመረ"፣ "ደሙ ተመረመረ" የሚሉት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ"አስ" ጊዜ ሥራውን በእጁ የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ በ"ተ" ጊዜ ደግሞ ሠሪው ጭራሽ ላይጠቀስ ይችላል። ያልተጠቀሰ ሠሪን ፈጥሮ የሚያስገባ ምርጫ ስሕተት ነው።

3. ጥገኞቹን በፊታቸው ፊደል ለዩ

ከሁሉ የሚበልጠውን ጊዜ እዚህ ላይ እንድታጠፉ እመክራለሁ። ጥገኛ ሐረግ ከማሰሪያው ጋር ያለው ግንኙነት ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በግሡ ፊት በተለጠፈ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነው፤ ዓይን ደግሞ ትንሽ ፊደል ይዘላል። እርሳስ ይዛችሁ እነዚህን ፊደላት ክበቡ።

"ቢ" ብቻውን ከመጣ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ "ቢዘንብ"። ኋላው ላይ "ም" ከተጨመረ ትርጉሙ ይገለበጣል፦ "ቢዘንብም" ማለት ዝናቡ የሚጠበቀውን ነገር አላስቀረም ማለት ነው። በምሳሌያችን "ቢያደርግም" እና "ቢቀንስም" ሁለቱም "ም" አላቸው። ስለዚህ መታጠብ ግዴታ መሆኑም የሞት መቀነሱም እውነት ሆነው የተፈጸሙ ናቸው፤ ያልጠበቅነው ውጤት ማሰሪያው ላይ ይመጣል። ያቺን "ም" የዘለለ ተማሪ የሟቾች ቁጥር መቀነሱን ራሱን ይጠራጠራል።

"ቢ… ኖሮ" እና "ባይ… ኖሮ" ደግሞ ያልሆነን ነገር ይተርካሉ። "ምድርን የከበበው አየር ባይኖር ኖሮ ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዝ ነበር" ከሚለው የምንረዳው አየሩ እንዳለ፣ ሌሊቱም ያን ያህል እንደማይቀዘቅዝ ነው። ሁለቱም ጎን ተገልብጦ ይነበባል።

"እንደ" ከሁሉም በላይ ብዙ መልክ አለው። "ዓሣ ነባሪ በሳንባ እንደሚተነፍስ ይታወቃል" ሲል የታወቀውን ነገር ይዘት ይነግረናል። "ውሃው እንደፈላ እሳቱ ይጠፋል" ሲል ጊዜን ያሳያል። "ኒውተን እንዳስረዳው፣" ሲል ደግሞ የሐሳቡን ባለቤት ይጠቁማል። "እንዲ" እና "እንዳይ" ሲሆን ብዙ ጊዜ ዓላማ ነው፦ "በሽታው እንዳይዛመት" ማለት አለመዛመቱ ተፈልጓል እንጂ አልተዛመተም ማለት አይደለም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከ"እንደ" ሳይሆን ቀጥሎ ከሚመጣው ግሥ ነው። የማወቅ፣ የመናገር፣ የማመን ግሥ ከተከተለ ይዘት ነው፤ የድርጊት ግሥ ከተከተለ ጊዜ ወይም ዓላማ ሊሆን ይችላል። እዚህም መልሱ ያለው ወደ መጨረሻው ነው።

"ከ" ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ጓደኛውን ፈልጉለት። "ከመረመሩ በኋላ"፣ "ከመመርመራቸው በፊት"፣ "ከታሰበው ይልቅ"፣ "ከተጀመረ ጀምሮ" እያለ ከሩቅ ካለ ቃል ጋር ይጣመራል። ጓደኛ ከሌለው "ከሆነ"፣ "ከበለጠ" እንደሚሉት ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው አምስት ስድስት ቃላት ሲገቡ ጥንዱ ስለሚለያይ ሁለቱን በመስመር አገናኟቸው።

"ሲ" አንዳንዴ ጊዜ፣ አንዳንዴ ሁኔታ፣ አንዳንዴ ደግሞ ንጽጽር ነው። "ጨረቃ ምድርን ስትዞር ምድር ደግሞ ፀሐይን ትዞራለች" የሚለው ውስጥ "ደግሞ" ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ያሳያል፤ አንዱ የሌላው ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ተደበቀችው "የ" እንምጣ። "የሚደርሰው ትኩሳት" የሚለው ገላጭ ሐረግ መሆኑ ግልጽ ነው። "ለ" ሲጨመርበት ግን "ለየሚደርሰው" አይባልም፤ "የ" ትዋጥና "ለሚደርሰው" ይሆናል። በ"ከሚያድጉት"፣ "በሚኖሩበት"፣ "ስለሚቀዘቅዘው" ውስጥም እንዲሁ ናት። ከዚህ የተነሣ "ስለሚቀዘቅዝ" እና "ስለሚቀዘቅዘው አካል" ይምታታሉ። የመጀመሪያው ምክንያት ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን አካሉን ይገልጻል፣ "ስለ"ም የሚመለከተው አካሉን ነው። ከግሡ ቀጥሎ ስም ካለና ግሡ ያንን ስም የሚገልጽ ከሆነ "የ"ን በአእምሯችሁ መልሱባት።

4. የ"የ" ሰንሰለት ሲረዝም

"የወንዝ ዳር መንደሮች የመጠጥ ውሃ አቅርቦት ጥራት መቀነስ" ዓረፍተ ነገር እንኳ አይደለም፤ የአንድ ነገር ስም ነው። እዚህም ከመጨረሻው ተነሡ። መቀነስ። የምን መቀነስ? የጥራት። የምን ጥራት? የአቅርቦት። የምን አቅርቦት? የመጠጥ ውሃ። የት? በወንዝ ዳር መንደሮች። የቀነሰው ውሃው ሳይሆን ጥራቱ ነው። "የውሃ መጠን ቀንሷል" የሚል ምርጫ በዚህ ሰንሰለት ግራ የተጋባን አንባቢ ለመያዝ የተቀመጠ ነው።

አንዳንድ ሰንሰለት በራሱ ሁለት ትርጉም አለው። "የድሮ መጻሕፍት ሻጭ" ያረጁት መጻሕፍቱ ይሁኑ ወይስ ሰውየው ድሮ ሻጭ የነበረ፣ ከሐረጉ ብቻ አይታወቅም። እንዲህ ሲሆን ከፊትና ከኋላ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች አንብቡ።

5. ቦዝ አንቀጹን ጊዜ አልብሱት

"ተረድቶ"፣ "ወስዶ"፣ "ቀምሞ" የሚሉት ቅደም ተከተልን ያሳያሉ፤ ጊዜያቸውን ግን የሚወስዱት ከእነሱ ቀጥሎ ከሚመጣው ግሥ ነው። "ውሃው ተንኖ ደመና ይሆናል" ሁልጊዜ የሚሆን ነገር ነው፤ "ውሃው ተንኖ ደመና ሆነ" ደግሞ አንድ ጊዜ የሆነ። በምሳሌያችን "ተረድቶ" ከ"ቢያደርግም" ይቀድማል፦ መጀመሪያ ተረዳ፣ ከዚያ ግዴታ አደረገ።

6. አሉታዎቹን ቁጠሩ

"ሳይሆን" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይወስንም። "ዳይኖሰሮችን ያጠፋቸው ከጠፈር የመጣ ግዙፍ ዓለት ሳይሆን…" ብሎ ጸሐፊው ትንፋሽ ሲወስድ ገና አታውቁም። "…ሌላ ነገር ነው" ብሎ ከጨረሰ ዓለቱን ክዷል። "…አይቀርም" ብሎ ከጨረሰ ደግሞ ዓለቱ ሊሆን እንደሚችል በጣም ያምናል፤ ያም ሆኖ አልማለም። በ"ሳይሆን" ፈንታ "ዓለት ብቻ አይደለም" ብሎ ቢጨርስ ደግሞ ዓለቱንም ተቀብሎ ሌላ ይጨምራል። በፈተና ላይ ቸኩሎ መሐል ላይ የሚያቆም ዓይን እነዚህን ሦስቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

"ያለ"፣ "በስተቀር"፣ "እንጂ" የሚሉትንም አትርሱ። ሁለት አሉታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ በአዎንታ ጻፉት፦ "ውሃ የማያስፈልገው ተክል የለም" ማለት ተክል ሁሉ ውሃ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

7. ተናጋሪው ማን ነው?

"ከዊልያም ሃርቪ በፊት የነበሩ ብዙ ሐኪሞች ደም ያለማቋረጥ በጉበት ውስጥ ይመረታል ብለው ያምኑ ነበር፤ ሃርቪ ግን እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው ሥራው ደም በልብ እየተገፋ በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር አሳየ።" ከዚህ ላይ "በምንባቡ መሠረት ደም የሚመረተው የት ነው?" ተብለን ብንጠየቅ "ጉበት" የሚለው መልስ ስሕተት ነው። ምንባቡ ያለው ሰዎቹ እንዲያ ያምኑ እንደነበር ብቻ ነው።

"ብሎ"፣ "ብለው"፣ "በማለት"፣ "ተብሎ"፣ "የሚል" ከሚሉት ቃላት በፊት ያለው ሐሳብ የሌላ ሰው ነው። ሐሳቡ የት እንደሚጀምር ግን ብዙ ጊዜ የትእምርተ ጥቅስ ምልክት አይነግረንም። ስለዚህ "ብለው" ላይ ቁሙና ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የዚህን ሐሳብ ተናጋሪ ፈልጉ፤ እዚህ "ሐኪሞች" ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ እስከ "ብለው" ድረስ ያለውን በቅንፍ አስገቡት። የጸሐፊውን አቋም የሚጠይቅ ጥያቄ ሲመጣ በቅንፍ ውስጥ ያለውን አትንኩ።

8. በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፉት

እስካሁን የለያችሁትን በቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱን ግሥ ማሰሪያ እያደረጋችሁ ጻፉ፦

ዜመልቫይስ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ይሠራ ነበር። ሐኪሞች አስከሬን ይመረምሩ ነበር። ከዚያ እጃቸውን በሚገባ ሳያጸዱ ወላዶችን ያክሙ ነበር። በእናቶች ላይ ገዳይ ትኩሳት ይደርስ ነበር። ዜመልቫይስ የዚህ ምክንያት ሐኪሞቹ መሆናቸውን ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1847 መታጠብን ግዴታ አደረገ። የሟቾች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ሆኖም ብዙዎቹ ሐኪሞች ሐሳቡን አልተቀበሉም።

በልምምድ ጊዜ በወረቀት ላይ አድርጉት። በፈተና ሰዓት ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይህን ለማድረግ ጊዜ የለም፤ አያስፈልግምም። ጥያቄው የሚያርፍበትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ፍቱ፤ ሌላውን በተለመደው ንባብ እለፉት። እየለመዳችሁት ስትሄዱ ይህ መፍታት ያለ ወረቀት በዓይን ብቻ ይከናወናል።

አሁን ምርጫዎቹን ተመልከቱ። "ዜመልቫይስ የዘመኑን ሐኪሞች ሐሳብ አልተቀበለም" የሚለው ባለቤቱን አዛውሯል። "ሐሳቡ ተቀባይነት ያጣው የሟቾች ቁጥር ስላልቀነሰ ነው" የሚለው "ቢቀንስም"ን ወደ "ስላልቀነሰ" ለውጧል፤ ምንባቡ ያልሰጠውንም ምክንያት ሰጥቷል። "ሐኪሞቹ ወላዶችን ካከሙ በኋላ አስከሬን ይመረምሩ ነበር" የሚለው ቅደም ተከተሉን ገልብጧል። "ሐሳቡን የተቀበለ ሐኪም አልነበረም" የሚለው ደግሞ "ብዙዎቹ" የሚለውን ቃል ወደ ሁሉም አስፍቷል። አራቱም የተሠሩት ከዓረፍተ ነገሩ ቃላት ነው። የሳታችሁትን ጥያቄ ስታርሙ መልሱን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ የመረጣችሁት ምርጫ የትኛውን እንደቀየረ ከጎኑ ጻፉ። ብዙ ሰው ተመሳሳይ ዓይነት ስሕተት ይደጋግማል፤ የእናንተ ባለቤትን ማዛወር ይሁን አሉታን መዝለል በዚህ ይታወቃል።

የሚከተለውን ራሳችሁ ሞክሩት፦

"የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጀው፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በላም ፈንጣጣ የመከተብን ሙከራ በ1796 ካደረገ ከ180 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ነው።"

ማሰሪያው "ነው" ብቻ ስለሆነ ከፊቱ ያለውን ያዙ፦ "ካለፉ በኋላ ነው"። "ያወጀው… ነው" የሚል አቀማመጥ ሲመጣ ጸሐፊው ሊያጎላ የፈለገው ከ"ነው" በፊት ያለውን ነው፤ እዚህ የአዋጁን መዘግየት። ከ"ከዓለም" ሌላ ያሉትን ሦስቱን "ከ" ለዩአቸው። "ካደረገ" የዘመኑ መነሻ ነው። "ከ180" ከ"በላይ" ጋር ይጣመራል። "ካለፉ" ደግሞ ከ"በኋላ" ጋር ነው፤ ያለፉትም ዓመታቱ ናቸው። የ"ያወጀው" ባለቤት ድርጅቱ፣ የ"ካደረገ" ባለቤት ደግሞ ጄነር ነው። ስለዚህ "ድርጅቱ የክትባት ሙከራ ያደረገው መቼ ነው?" ለሚል ጥያቄ 1796ም 1980ም መልስ አይሆኑም፤ ዓረፍተ ነገሩ ስለ ድርጅቱ ሙከራ ምንም አላለም።